ያውቁ ኖሯል? ባሕርም ጾምና ፍስክ አለው!

ባሕር ቢጠመድ ቢጠመድ አያልቅም ብለው ያምኑ ነበር? አይዞዎት፣ ብቻዎን አይደሉም! በ1883 ለንደን ላይ በተከፈተው ታላቅ የዓሣ ኤግዚቢሽን ዝነኛው ሳይንቲስት ቶማስ ሃክስሊ ተነሥቶ፣ ኮድን የመሳሰሉትን ታላላቅ የባሕር ዓሦች ሰው አጥምዶ አይጨርሳቸውም ሲል በልበ ሙሉነት ተናገረ። ኮድ የሚለውን ስም ይያዙልኝ፤ ወዲያው እናገኘዋለን! (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደጻፍኳቸውም ልብ ይበሉ።)

ተራው አጥማጅ ግን ከሳይንቲስቱ 500 ዓመት ቀድሞ ነቅቷል! በ1376 ለእንግሊዝ ፓርላማ አንድ አቤቱታ ቀረበ። ዓይኑ የጠበበ፣ የባሕሩን ወለል እየጠረገ የሚጎተት አዲስ መረብ መጥቶ ጫጩቱን ሁሉ ፈጀብን የሚል ነው። ባለመረቦቹ ያን ሁሉ ደቃቃ ዓሣ የሚያደርሱበት ቢያጡ ምን አደረጉት? ዓሣማ አደለቡበት! ዓሣ ለዓሣማ!

ኮድስ? አለቀ! በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ጠረፍ አምስት ምዕት ዓመት ያህል ሲጠመድ የኖረው ኮድ ክፉኛ ተመናምኖ በ1992 መንግሥት ባሕሩን ዘጋው። 30 ሺህ ገደማ ሰው በአንድ ጀንበር ሥራ ፈታ! ለ2 ዓመት ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ለንግድ እንደገና የተከፈተው መቼ ይመስልዎታል? በ2024! 2 ዓመት የተባለው 32 ዓመት ፈጀ!

አሁን ወደ ጃፓን እንሻገር። የአኪታ ሰው ሐታሐታ ከምትባል ትንሽ ዓሣ ጋር ያለው ፍቅር ልዩ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓመት ከ10 ሺህ ቶን በላይ ያወጣ ነበር። በ1991ስ? 71 ቶን! ጉዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አጥማጆቹ ራሳቸው ተሰበሰቡ፣ ተከራከሩ፣ በመጨረሻም መረባቸውን ሰቀሉ። ለ3 ዓመት! ከ1992 እስከ 1995 አንዲት ሐታሐታ አልነኩም። ሲመለሱ ዓሣዋም ተመልሳለች፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ምርቱ እንደገና በሺህ ቶን ይቆጠር ጀመር! እኔ በሁዳዴ ጾም 55 ቀን አቤት እላለሁ፤ እነሱ 3 ዓመት!

ጦርነት ለዓሣ ዕረፍት መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአድሪያቲክ ባሕር ማጥመድ ቀዘቀዘ። ጣሊያናዊው የሥነ ሕይወት ባለሙያ ኡምቤርቶ ዳንኮና የቬኒስን፣ የትሪየስትንና የፊዩሜን የዓሣ ገበያ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ በጦርነቱ ዓመታት የሻርክና የመሰል አዳኞች ድርሻ ከፍ ብሎ አገኘው። ግራ ገባው። ማንን ጠየቀ? አማቱን! አማቱ ደግሞ ቪቶ ቮልቴራ የሚባሉ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። እሳቸውም ቁጭ ብለው ቀመር አወጡለት። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚጠናው የአዳኝና የታዳኝ ቀመር ከአማችና ከአማት ወግ የተወለደ ነው!

ሮኬትም ዓሣ ያሳድጋል! ፍሎሪዳ ውስጥ በኬፕ ካናቬራል የጠፈር ማዕከል ዙሪያ ካለው ውኃ ከፊሉ ከ1962 ጀምሮ ለአጥማጅ ዝግ ነው። ለዓሣ ታስቦ እንዳይመስልዎት፤ ለማዕከሉ ጥበቃ ነው! ግን ዓሣው ምኑ ሞኝ ነው? ገባ፣ ተራባ፣ ገዘፈ። ከዚያ ወጣ ወጣ ሲል የክልሉ ጠርዝ ላይ መንጠቆ ይጠብቀዋል። ፍሎሪዳ በአንዳንድ ዝርያ ካስመዘገበቻቸው የዓለም ክብረ ወሰን ዓሦች ብዙዎቹ በዚያ ጠርዝ ዙሪያ ተከማችተው ተገኙ!

ዓሣ ድንበሩን ያውቃል ይላሉ? አጥማጁም ያውቃል! በብዙ አገር ጀልባዎች ልክ በክልሉ መስመር ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ከውስጥ የሚተርፈውን ይጠብቃሉ። ድግስ ቤት ደጃፍ እንደመቆም ነው!

ሜክሲኮ ካቦ ፑልሞ የምትባል መንደር አለች። ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ ሁሉም የአጥማጅ ዘር። ዓሣው ሲጠፋባቸው ራሳቸው መንግሥትን ባሕራችንን ዝጉልን አሉ። አዎ፣ ዝጉልን! በ1995 ባሕራቸው ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ 71 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ። ከ1999 እስከ 2009 ባሉት 10 ዓመታት የዓሣው ጠቅላላ ክብደት በስንት ጨመረ? በ463 በመቶ! ሻርኩ ተመለሰ፤ ትላልቆቹ ዓሦች እንደ ደመና ተጠቅልለው ይዋኙ ጀመር። የአጥማጅ ልጆች ዛሬ ጠላቂ ቱሪስት እየመሩ እንጀራ ይበላሉ። ያው ጀልባ፣ ያው ባሕር፤ መረቡ ብቻ ቀረ!

ይህ ለሀበሻ እንግዳ ነገር አይደለም እኮ! መንዜዎች የጓሳን ሣር ለዓመታት ከልለው፣ ደርሷል ሲባል ብቻ ከፍተው ሲያጭዱ ስንት ትውልድ አለፈ! ባሕር የላቸውም እንጂ ቢኖራቸው ለካቦ ፑልሞ ያስተምሩ ነበር።

የሚከተለውን ቀስ ብለው ያንብቡት። ፊሊፒንስ ውስጥ በሱሚሎን ደሴት ዙሪያ ካለው ኮራል በ1974 ሩብ ያህሉ ለማጥመድ ተዘጋ። አጥማጆቹ ሦስቱ ሩብ ቀረላቸው። ጥሩ ዓሣ ይይዙ ነበር። በ1984 ክልሉ ፈረሰና ሁሉም ተከፈተላቸው። ሙሉውን አገኙ! ታዲያ የሚያወጡት ዓሣ ጨመረ? ቀነሰ! ሰፊ ባሕር፣ ባዶ መረብ! ጎረቤቱ የአፖ ደሴት ሕዝብ ግን በ1982 የራሱን ትንሽ ክልል አቋቁሞ ነበር፤ እሱ ጸናና ዓሣውም ጸናለት።

ኒውዚላንድ ውስጥ ሊ በምትባል ቦታ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር በ1975 ተከለለ። ያኔ የባሕሩ ወለል ራሰ በራ ነበር! እሾሃሙ የባሕር ጃርት ሣሩን ሁሉ ግጦ ጨርሶታል። ጃርቱን የሚበላው ስናፐር ዓሣና ሎብስተር ነበሩ፤ እነሱን ደግሞ ሰው በልቷቸዋል። ክልሉ ሲዘጋ በላተኞቹ ተመለሱ፣ ጃርቱ ቀነሰ፣ የባሕር ውስጥ ደን በቀለ! አንድም ሰው ችግኝ አልተከለም!

ዓሣ የአባትነት ምርመራ እንደሚደረግለት ያውቁ ኖሯል? አውስትራሊያ ላይ ተደርጓል! በታላቁ ባሪየር ሪፍ፣ በኬፕል ደሴቶች ዙሪያ፣ ተመራማሪዎች የጫጩቶችን ዲኤንኤ ከትልልቆቹ ጋር አስተያዩ። የተከለለው ቦታ ከአካባቢው ኮራል 28 በመቶ ብቻ ነበር። ከጫጩቶቹ ግን ግማሽ ያህሉ የዚያ ልጆች ሆነው ተገኙ! ብዙዎቹም አጥማጅ ወዳለበት ሄደው አድገዋል። ወላጅ በጥብቅ ክልል፣ ልጅ በመረብ ሰፈር!

ትልቋን ዓሣ ይዤ ትንሿን ለቀቅኩ ብለው ይኮሩ ነበር? ተሳስተዋል! 30 ኪሎ የምትመዝን አንዲት የኮድ እናት፣ ባለ 2 ኪሎ የሆኑ 28 እናቶች ተደምረው ከሚጥሉት የበለጠ እንቁላል ትጥላለች! የ28ቱ ክብደት ሲደመር 56 ኪሎ ነው። አንዷ ግን በ30 ኪሎዋ ትረታቸዋለች! ባልቴቷን ያክብሩ!

ግሩፐር የሚባለው ዓሣ ዝርያው ብዙ ነው፤ ብዙዎቹም ሴት ሆነው ተወልደው ሲገዝፉ ወንድ ይሆናሉ! አጥማጅ ግዙፍ ግዙፉን ሲለቅም ታዲያ ምን ይፈጠራል? መንደሩ ባል አልባ ይሆናል!

የአሜሪካዋ የሜይን ግዛት ሎብስተር አጥማጆች ደግሞ እንቁላል የታቀፈች ሎብስተር ሲይዙ ጅራቷ ላይ በቢላዋ ትንሽ ምልክት ይቀርጹባትና ወደ ባሕር ይመልሷታል። ከዚያ በኋላ ያቺን ምልክት ያየ አጥማጅ ሁሉ፣ እንቁላል ባይኖራትም እንኳ፣ ሊይዛት አይችልም! የጅራት ላይ የይለፍ ወረቀት! በጣም ትንሹም በጣም ትልቁም ሎብስተር ይለቀቃል፤ የሚሸጠው መካከለኛው ብቻ ነው።

ማዳጋስካር! በ2004 አንዳቫዶአካ የሚባል የቬዞ አጥማጆች መንደር ኦክቶፐስ የሚያድንበትን አንድ ቦታ ለ7 ወር ዘጋ። ኦክቶፐስ ዕድሜው አጭር፣ እድገቱ ግን የጉድ ነው፤ ከተፈለፈለ በጥቂት ወራት ይደልባል! ቦታው ሲከፈት ትልልቅ ኦክቶፐስ ወጣ። የጎረቤት መንደሮች አይተው ቀኑ፤ ቀንተውም የየራሳቸውን ዘጉ! ቅናት እንዲህ ከሆነ ይብዛልን!

በፊጂ ደሴቶች ባላባት ሲሞት ባሕሩም ሐዘን ይቀመጣል! በልማዱ ከባሕሩ አንዱ ክፍል ለ100 ቀን ለአጥማጅ ይዘጋል። መቶኛው ቀን ሲደርስ ተከፍቶ ለተዝካሩ ድግስ ዓሣ ይወጣል። ለሟቹ መታሰቢያ፣ ለዓሣው ፋታ!

በእረፍት ጉዞ የተራመዱበት ነጭ የባሕር ዳር አሸዋ የማን ሥራ ይመስልዎታል? አይሳቁ፣ ኮራል ባለበት ባሕር ብዙው የዓሣ ኩስ ነው! ፓሮትፊሽ ኮራሉን በጥርሱ ፈጭቶ አልጌውን ይበላና ድንጋዩን አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። አንድ ትልቅ ፓሮትፊሽ በዓመት በመቶ የሚቆጠር ኪሎ አሸዋ ያመርታል! አንዳንዱ ማታ ሲተኛ ከአፉ በሚያወጣው ንፍጥ የመሰለ ነገር ድንኳን ሠርቶ ይጠቀለላል። ቤሊዝ በ2009 ይህን ዓሣ ማጥመድ በሕግ ከለከለች። የአሸዋ ፋብሪካዋን ማን ይበላባታል!

ጣሊያን ታላሞኔ ላይ አንድ አጥማጅ በሌሊት ተሰርቀው የባሕሩን ወለል የሚጠርጉ ጀልባዎች አስመረሩት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከካራራ እምነበረድ ለምኖ፣ በቀራፂዎች ሐውልት አስቀርፆ ባሕር ውስጥ አሰመጠው! ሕገወጡ መረብ ሲጎተት ሐውልቱ ይይዘዋል፣ ይቀደዳል! ማይክል አንጄሎ የቀረፀበት የካራራ ድንጋይ ዛሬ የዓሣ ዘበኛ ሆኗል!

እዚያው ጣሊያን ቶሬ ጓቼቶ አካባቢ ያሉት አጥማጆች ባሕሩን ለዓመታት ከዘጉ በኋላ በ2005 በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ዓይኑ በሰፋ መረብ ማጥመድ ጀመሩ። በሳምንት አንዴ! በዚያች ቀን የሚይዙት ግን ውጭ ከሚጠመደው እጅግ ይበልጣል።

ወደ ሰፈራችን ቀረብ እንበል። ዛንዚባር አጠገብ ያለችው የቹምቤ ደሴት ኮራል ከ1994 ጀምሮ ጥብቅ ክልል ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠባቂዎች እነማን ነበሩ? የቀድሞ አጥማጆች! ዓሣውን የሚያውቅ ከእነሱ ሌላ ማን አለ? ኬንያ ጠረፍ ላይም የኩሩዊቱ መንደርተኞች 30 ሄክታር ገደማ ባሕር በራሳቸው ዘግተው በ2017 ዓለም አቀፍ ሽልማት ወስደዋል።

ዓሣ ሳይሆን ቀን የሚሸጡ አገሮች እንዳሉስ? አሉ! ናውሩ፣ ቱቫሉ፣ ኪሪባቲ፣ ፓላው፣ ማርሻል ደሴቶች፣ ማይክሮኔዥያ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒና ሰሎሞን ደሴቶች ተማክረው ለውጭ መርከቦች የማጥመጃ ቀን መሸጥ ጀመሩ፤ የቀኑም ብዛት ጣሪያ አለው። በ2010 ከዚህ የሚያገኙት 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ዓመታት አልፈው ወደ ግማሽ ቢሊዮን ተጠጋ! ናውሩ እኮ የብሷ ስፋት 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ይዞሯታል!

በአላስካ ደግሞ ቀኑ ራሱ ያልቅ ነበር! በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሃሊበት የተባለው ዓሣ በዋና ዋናዎቹ ቦታዎች የሚጠመደው በዓመት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ ነበር። ማዕበል ቢመጣም ቢሄድም ሁሉም በዚያች ቀን ይወጣል። ሰው ይሞታል፣ ዓሣው በአንዴ ይከመራል፣ ዋጋው ይወድቃል! በ1995 ለየአጥማጁ የራሱ ድርሻ ተወሰነለት። ሩጫው አበቃ፤ ወቅቱ 8 ወር ገደማ ሆነ!

ፓላው ሲገቡ ፓስፖርትዎ ላይ ቃለ መሐላ ይታተምልዎታል! ከ2017 ጀምሮ ጎብኚ ሁሉ ተፈጥሮዋን ላለመጉዳት ለፓላው ልጆች ቃል ገብቶ ይፈርማል። ይህችው አገር ከ2020 ጀምሮ የባሕር ክልሏን 80 በመቶ ለማንኛውም አጥማጅ ዘግታለች።

ፓፓሃናውሞኩአኬአ! በአንድ ትንፋሽ ካነበቡት ጎበዝ ነዎት። ከሃዋይ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለ የባሕር ክልል ነው፤ በ2016 ሲሰፋ 1.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። ከኢትዮጵያ ይበልጣል! ቱና እንደ ልቡ የሚሮጥ ዓሣ ነው፤ አጥር ምን ይጠቅመዋል ያሉ ብዙ ነበሩ። ከክልሉ ጠርዝ አጠገብ ግን መርከቦች የሚይዙት ባለቢጫ ክንፍ ቱና በ54 በመቶ ጨምሮ ተገኘ!

ሁሉም መዝጋት ግን በረከት አይደለም! በሕንድ ውቅያኖስ ያሉትን የቻጎስ ደሴቶች እንግሊዝ በ2010 የባሕር ጥብቅ ክልል አለቻቸው። ነዋሪዎቹን ግን ቀደም ብላ፣ ከ1968 እስከ 1973 ባለው ጊዜ፣ አባርራቸዋለች! ዓሣው ተጠበቀ፤ አጥማጁ ተሰደደ! በ2015 ዓለም አቀፍ ዳኞች አከላለሉ የባሕር ሕግን የጣሰ ነው አሉ።

የተዘጋም ይከፈታል! ኪሪባቲ የፊኒክስ ደሴቶችን ከ400 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር ከ2015 ጀምሮ ለንግድ አጥማጅ ዘግታ ዓለም አጨበጨበላት። በ2021 ልክፈተው ነው አለች። ጭብጨባ ገበያ አይወስድም! አልፈርድባትም፤ ከቱና ሌላ ገቢዋ ስንት ሆነና?

ጣናም ታሪክ አለው፤ ባሕር ባይሆንም ሰዉ ባሕር ይለዋል! በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የአንድ ቤተሰብ የዓሣ ዝርያዎች እዚያ ይኖራሉ። ይህን የሚመስል ሌላ የዓሣ ቤተሰብ ፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ውስጥ ነበር፤ ከዚያኛው አብዛኞቹ መጥፋታቸው በ2020 ተነገረ! የጣናዎቹ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ሊጥሉ እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። መረቡም የወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል! በእኛው አቆጣጠር በ1995 ግን የዓሣ ሀብት አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 315 ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምርም! የዓሣ ገበያ በሁዳዴ እንደሚደራ ግን እርስዎም ያውቃሉ።

ወፍ ፖሊስ መሆኗንስ? ተመራማሪዎች በሕንድ ውቅያኖስ 169 አልባትሮሶች ጀርባ ላይ የመርከብ ራዳር የሚያሸት ትንሽ መሣሪያ ሰቀሉ። ወፎቹ ዓሣ ፍለጋ መርከብ ይከተላሉ። ካገኟቸው መርከቦች 28 በመቶው ያሉበትን የሚናገረውን መሣሪያ ሳያበሩ ተያዙ! አበል የለ፣ ጉቦ የለ!

ተንደር የተባለች ሕገወጥ አጥማጅ መርከብ በታኅሣሥ 2014 አንታርክቲካ አጠገብ ተገኘች። ሲ ሼፐርድ የተባለው የባሕር ተቆርቋሪ ድርጅት መርከብ ቦብ ባርከር ተከተለቻት። ተከተለቻት! በበረዶ መሐል፣ በማዕበል መሐል፣ 110 ቀን! በመጨረሻ ሳኦ ቶሜ አጠገብ ተንደር መስጠም ጀመረች። አሳዳጆቹ ዘለው ገብተው ሲያዩ በሮቿ ሆን ተብለው ክፍት ተደርገው ታስረዋል! ማስረጃ ለማስጠም ነው ተብሎ ተጠረጠረ። ሠራተኞቿን ከባሕር ያወጣቸውስ ማን ነው? 110 ቀን ያሳደዷቸው! ካፒቴኑ ሳኦ ቶሜ ላይ ተፈረደበት።

በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖረው የግሪንላንድ ሻርክ ለመውለድ የሚደርሰው በ150 ዓመቱ ገደማ ነው! ከተመረመሩት አንዷ 400 ዓመት ያህል ሳትኖር እንደማትቀር ተገመተ። እንዲያ ከሆነ አፄ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁሩ እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች! አንድ ጊዜ መረብ ቢገባባቸው ለመተካት ስንት ዘመን እንደሚፈጅ ያስቡት!

እዚያው ዋልታ ላይ ደግሞ ሰው አንድም ዓሣ ለገበያ አጥምዶበት የማያውቅ 2.8 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ባሕር አለ። በረዶው እየቀለጠ ሲመጣ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ የአውሮፓ ኅብረትና ሌሎች 6 አገሮች ተቀምጠው ማጥመድ ሳይጀመር ከለከሉ! ስምምነቱ ከ2021 ጀምሮ ይሠራል፤ ለ16 ዓመት ነው። 16 ዓመት ብዙ መሰለዎት? ለዚያ ሻርክ ገና አንድ ክረምት ነው!